ብርድ ነው ያልነው

«ይብሉ እንጂ ጋሽ ባምላኩ! ተርበው ሊከተሏት ነው እንዴ?»

አምሳለች ይህን የምትለው ጉርሻውን ጠቅልላ አፋቸው ድረስ አምጥታ ነው። ጋሽ ባምላኩ አፋቸውን ከፈቱ። አምሳለችን እምቢ ማለት አይቻልም። በአንድ አጥር ተጎራብታ ያረጀች፣ ከሟቿ ሚስታቸው ከይርጋነሽ ጋር አብራ አረቄ እየጠነሰሰች አብራ የምታወጣ፣ ቀብሩ ላይ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ያለቀሰች ሴት ናት። ዛሬም ድምፅዋ አልተመለሰም። ጉርሻውን በውኃ አወረዱት።

ጠዋት የይርጋነሽ ሣልስት ወጥቷል። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቅለው፣ አግዳሚዎቹን በጋሪ ጭነው ሄደዋል። ለቅሶ ደራሹ ግን አላቋረጠም። የቢቸና ገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የመጣው ሁሉ ሸምቶ ሲያበቃ በዚያው እግዜር ያጽናዎ ብሎ ይመለሳል። ደጃፉ ላይ እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ የጨው ከረጢት፣ አዲስ የማረሻ ብረት ተቀምጧል። ወንዶቹ ይገባሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ አንዱ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ሌላው ስለ መንገዱ መዘጋት ይጀምራል። ጋሽ ባምላኩ አልተቀየሟቸውም። እሳቸውም በሰው ለቅሶ ላይ ስንት በሬ አሻሽጠዋል! ዛሬ ግን የሚወራው ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማቸው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው።

ከጥጉ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ምን ነበር እሚያማት?»

«ብርድ ነው አሉ። ደረቷ ውስጥ የገባ ብርድ።»

«ኧረ ብርድ ክፉ ነው! እናቴንም እሱ ነው የገደለብኝ።»

ጋሽ ባምላኩ ቀና ብለው ሴቶቹን አዩዋቸው። ብርድ አለመሆኑን በዚያ ቤት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። አምሳለች ሌላ ጉርሻ የፈለጉ መስሏት አጎረሰቻቸው።

*

ሞት ይጠበቅ የነበረው ከሳቸው ነው። ይርጋነሽን ሲያገቧት በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጧት ነበር። «አንቱ ሲሞቱ እኔ ገና ያልደከምኩ ሴት ነኝ፤ ባል አላጣም» እያለች ስታሾፍባቸው ኖራለች። እሳቸውም ይስቁ ነበር። እንዲያውም ነገሩን ከልባቸው አምነውበት፣ እሷ ስትቀር እንዳትቸገር ብለው የቤቱን ጣሪያ አድሰው፣ አጥሩን አጥብቀው ነበር። ለሚቀረው ሰው ሲያዘጋጁት የከረሙት ቤት አሁን እሳቸው ላይ ቀረ።

ዕድሜያቸውን በከብት ተራ የጨረሱ ደላላ ናቸው። የበሬውን ከንፈር ገለጥ አድርገው ጥርሱን ካዩ በኋላ ባለቤቱ ስለ ዕድሜው ምን ቢምል አይሰሙትም። በዚህ ዓይናቸው ይኮሩ ነበር። ሚስታቸው አጠገባቸው ሆና፣ አልፋቸው ስታረጅ ግን አላዩም። መጀመሪያ ከቤቱ በር እስከ አጥሩ ስትሄድ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሽ መሰብሰብ ጀመረች። ቀጥሎ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ከዚያ ጀርባዋ ጎበጠ። አንድ ጊዜ ወደ ሞጣ ሲሄዱ የመኪናው ረዳት፣ «አባት፣ ታላቅ እህትዎን በመስኮቱ በኩል ያስቀምጧቸው» አላቸው። ይርጋነሽ ሳቀች። «ይበለኝ! ባል አላጣም ስል የገዛ ባሌ ታላቅ እህት አረገኝ!» አለችና ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ሳሉ አልለቀቃትም።

አረቄ የምታወጣው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ማድ ቤት ነው። መስኮት የላትም። ድፍድፉ በእንስራ ይጣዳል፣ በመቃው በኩል ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ እሳቱን ጥሎ መውጣት የለም። ከበረታ ያርራል፣ ከደከመ ይቆማል። ኩበቱንና የባሕር ዛፍ ቅጠሉን እየማገደች ስታጨስ ትውላለች። ሦስት ልጆቿን ያስተማረችው በዚያ ጠብታ ነው። ሁለቱ ወንዶች ዛሬ ራቅ ያለ አገር ናቸው፤ መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀብሯ አልደረሱም። በስልክ ነው ያለቀሱት። ሴቷ ብቻ ከሞጣ መንገዱ ሳይዘጋ ደርሳለች።

ጋሽ ባምላኩ ጭሱ ዓይናቸውን ስለሚያቃጥላቸው ከማድ ቤቱ ደጃፍ አልፈው አይገቡም። ማታ ከከብት ተራ ሲመለሱ ውጭ ይቆሙና የዕለቱን ወሬ ያወሯታል። እገሌ የታመመ በሬ ሸጦ ሲያመልጥ፣ እገሌ ላሙን ሸጦ ሲጸጸት። እሷ ከጭሱ ውስጥ ሆና ትመልስላቸዋለች፣ ትስቃለች፣ ታርማቸዋለች። አትታያቸውም፤ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚወጣው። ትዳራቸውን አብዛኛውን እንዲያ ሲጨዋወቱ ነው የኖሩት። ደስ ይላቸው ነበር። ሌላ ዓይነት መጨዋወት መኖሩንም አስበውት አያውቁም።

ሳሉ ሲጠናባት መንደሩ በሙሉ ብርድ ነው አለ። የብርድ መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት ነው። ጋሽ ባምላኩ ሚስታቸው ስትሰቃይ እጃቸውን አጣጥፈው የሚያዩ ሰው አልነበሩም። አልጋዋን ተሸክመው ማድ ቤት አስገቡላት፣ ከምድጃው አጠገብ። ጭቃ በጭድ አቡክተው ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ ሁሉ በገዛ እጃቸው መረጉት። አምሳለች ሥራቸውን ዞር ዞር ብላ አየችና «እንዲህ ያለውን ባል ለኔም ባደለኝ!» አለች። ያን ክረምት ይርጋነሽ ሌት ተቀን ጭስ ስትምግ ከረመች። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ሞቀሽ ወይ?» ይሏታል።

«ሞቆኛል» ትላለች፣ እየሳለች።

*

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲከፈት፣ ሞጣ የምትኖረው ልጃቸው እፀገነት እናቷን እዚያው ሞጣ ሐኪም ዘንድ አደረሰቻት፤ ጋሽ ባምላኩም አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ሊድያ የምትባል፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ልጅ እግር ናት። ደረቷን አዳመጠች፣ ራጅ አስነሣቻት፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

ይርጋነሽ ቱግ አለች። «እኔ የቄስ ገብረ ኪዳን ልጅ? ሲጋራ? ምነው ልጄ፣ ምን አይተሽብኝ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁሉንም ነው የምንጠይቀው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

ነገረቻት። ምን እንደምታነድ፣ ስንት ሰዓት እሳቱ ሥር እንደምትውል፣ ማድ ቤቷ መስኮት እንደሌላት አንድ በአንድ አስረዳቻት። በመጨረሻም አረቄዋን ቀምሶ የማያውቅ ዳኛ ቢቸና ተመድቦ እንደማያውቅ ጨመረችላት። ዶክተር ሊድያ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ።

«እናቴ፣ ሳንባዎ ከእርስዎ ቀድሞ አርጅቷል። እርስዎ ከስድሳ ትንሽ ቢያልፍዎ ነው፤ እሱ ሰማንያን ያለፈ ሰው ሳንባ ነው የሚመስለው። ይህ በሽታ ሰው ሲያረጅ ይመጣል፣ ጭስ ግን አስቀድሞ ያመጣዋል። የዓይንዎንም ሞራ ጭሱ ሳያፋጥነው አልቀረም። ብርድ አይደለም። ያረጀውን መመለስ አልችልም፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን ከጭሱ መውጣት አለብዎ።»

«ከምድጃው አጠገብ ነው እኮ የማስተኛት» አሉ ጋሽ ባምላኩ።

ሐኪሟ ወደሳቸው ዞረች። «ስላላወቁ ነው፣ አባቴ» አለች።

እፀገነት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር ይህን አልሰማችም። ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቋት ይርጋነሽ የባሏን እጅ ያዘች።

«ለእፀ እንዳይነግሯት። ካወቀች ሥራ ታስፈታኛለች። ሥራ ፈትቼ ደግሞ ሰው ፊት እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ? በእመብርሃን ይማሉልኝ።»

ማሉላት።

ቢቸና እንደተመለሱ አልጋዋን ከማድ ቤት አወጡት። እንስራዋንም ደጅ፣ ከአጥሩ ጥግ ተከሉላት። ነፋሱ እሳቱን እየበተነ አስቸገራት፤ ደንበኞቿም ጣዕሙ ተለወጠ አሉ። «ለገና ብቻ ልግባ» አለች። ከገና በኋላ «ለጥምቀት ብቻ» አለች። ጋሽ ባምላኩ ተቆጡ፣ ለመኑ፣ አኮረፉ። ይርጋነሽ ግን ጭሷ ውስጥ ሆና ታባብላቸው ነበር። ጥር ሳይወጣ አንድ ጠዋት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች ትንፋሽ አጣች። አንዱን እግሯን ያጫሟት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጫማ እጃቸው ላይ ቀረ።

*

የሣልስቱ ዕለት ምሽት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ እፀገነት አባቷ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። ሞጣ ላይ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው።

«አባዬ፣ አልመለስም። እዚሁ ልቅር።»

ጋሽ ባምላኩ ዞር ብለው አዩዋት።

«የእማዬን ሥራ እይዛለሁ። ደንበኞቿ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሳይቀር እየጠየቁኝ ነው። ጠንስሳው የሄደችው ድፍድፍም እንዲሁ ሊበላሽ ነው። ለተዝካሯ የሚቀርበውን አረቄ ከሌላ ቤት አንገዛም፤ በሷ እንስራ እኔ አወጣዋለሁ። ደግሞ እርስዎስ? ብቻዎን እንዴት ሊሆኑ ነው?»

ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሲጓጉ እንደነበር ያወቁት አሁን ነው። እንባቸው መጣ። «ተባረኪ» አሉ። «ተባረኪ ልጄ።» ስለ ጭሱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በልባቸው፣ መሐላ አለብኝ አሉ። ለሞተ ሰው የተማለ መሐላ ከባድ ነው አሉ። እውነቱን ግን ያውቁታል። አፋቸውን ያሰረው መሐላው አልነበረም። በዚያ ቤት ብቻቸውን ማምሸቱን ፈርተው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀለሏቸው። ለቅሶ ደራሹ እየሳሳ ሄዷል፤ ግን ጠዋት ሲነሡ በቤቱ ውስጥ የሰው ኮቴ አለ። እፀገነት ቁርሳቸውን ታቀርብና ወደ ማድ ቤት ትገባለች። እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማቸዋል። በሳር ክዳኑ በኩል ጭሱ እንደ ድሮው ሲወጣ ከመደባቸው ሆነው ያያሉ። ይህን ማየታቸው እንደ ጥፋት ቢቆረቁራቸውም ደስ ብሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። ከማድ ቤት ሳል ሰሙ። ደረቅ፣ ተከታታይ፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ጠረግ የሚያደርግ ሳል። ልባቸው በደስታ ዘለለ።

«ይርጋ!» አሉ ጮክ ብለው። «መጣሁ!»

ጫማቸውን ሳያጠልቁ በጓሮው በር ወጡ። እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። የዕለቱን ወሬ ሊጀምሩላት ነበር።

«አባዬ?» አለች እፀገነት ከውስጥ። አትታይም። ከጭሱ ውስጥ ድምፅዋ ብቻ ነው የወጣው።

የልጃቸው ድምፅ ነው። ጋሽ ባምላኩ ጎንበስ ብለው ገቡ። እሳት እየነደደባት ወደዚያች ማድ ቤት ሲገቡ በሕይወታቸው የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናቸው ወዲያው ተዘጋ፣ ደረታቸው ታፈነ። በዳበሳ የልጃቸውን ክንድ አግኝተው ይጎትቷት ጀመር።

«ውጪ! ውጪ ልጄ! ተነሽ!»

«ምን ሆኑ? ኧረ አረቄው ያርራል!»

«ይረር!»

ግቢው መሐል አውጥተዋት፣ እያሳሉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ሁሉንም ነገሯት። ሐኪሟ ያለችውን፣ የማሉትን መሐላ፣ የመረጉትን ስንጥቅ፣ ያን ክረምት። እፀገነት ፊቷ በላብና በጥላሸት እንደተዥጎረጎረ ቆማ ሰማቻቸው። 

«እና እያወቁ ተዋት?»

«ሳላውቅ ነው የጎዳኋት። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ አልቻልኳትም።»

«እኔንስ? ይኸው ስንት ቀን ሙሉ እዚያ ውስጥ ስውል እያዩኝ!»

ጋሽ ባምላኩ ደላላ ናቸው፤ አፍ አጥተው አያውቁም። አሁን ግን የመጣላቸው እውነቱ ብቻ ነበር።

«እንድትቀሪልኝ ፈልጌ ነው» አሉ። «ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ። እሷ ከሄደች ወዲህ ይህ ቤት ያስፈራኛል፣ እፀ።»

ልጅቷ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት ካለቀሰችው ይህኛው ዝግ ያለ ነበር። «እሺ፣ ጭሱ ነው» አለች ቆይታ። «ሞጣ ብመለስስ? እዚያም በእንጨት ነው የማበስለው። ጭስ የሌለበት የት አለ?»

«ለራስሽ ወጥ መሥራትና ቀኑን ሙሉ እሳት ሥር መዋል አንድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው የምትውይው። ነፋስ አለው።»

«አረቄውን ትቼ እንዲሁ ብቀርስ?»

«በምን ትኖሪያለሽ? ሥራሽን ከለቀቅሽ የሚጠብቅሽ ያ እንስራ ነው። ለገና ብቻ ትያለሽ፣ ለጥምቀት ብቻ ትያለሽ። እኔም እያየሁ ዝም እልሻለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

በአጥሩ በኩል አምሳለች አንገቷን ብቅ አደረገች። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ሰው ሞተ እንዴ ደግሞ?»

«በተዝካሯ አረቄ አይቀዳም» አሏት ጋሽ ባምላኩ።

«ምን? የይርጋነሽ ተዝካር ያለ አረቄ? ቄሶቹስ ምን ይላሉ? አገር አይስቅብንም?»

«ይሣቅ። ብርድ ነው ያልነው ብርድ አልነበረም፣ አምሳለች። ጭሱ ነው የገደላት። ሐኪሟ ናት ያለችው። አንቺም ብትተዪው ይሻልሻል።»

አምሳለች ነጠላዋን አስተካከለች። ስትመልስ ከለቅሶው ወዲህ ያልተመለሰው ድምፅዋ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር።

«እሺ፣ ልተወው» አለች። «ምን ልብላ ታዲያ?»

 እሳቷ እንዳይጠፋባት ተመልሳ ገባች።

*

መንገዱ እንደተከፈተ በማግስቱ ጠዋት ተሰማ። ወደ ሞጣ የሚሄድ ቅጥቅጥ መኪና እየጫነ ነው አሉ። እንዲህ ሲሆን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ እፀገነት ልብሷን በፌስታል ጠቀጠቀች። ዘመዶች አጉረመረሙ። ተዝካሩ ሳይወጣ ልጅ አባቷን ጥላ ትሄዳለች? «እኔ ነኝ የላክኋት» እያሉ ጋሽ ባምላኩ ለሁሉም መለሱ። አንዳንዱ ሐዘኑ አእምሮአቸውን ነካው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

መናኸሪያው በሰውና በባጃጅ ተጨናንቋል። ልጃቸው በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እሳቸው ታች ቆሙ።

«ለአርባዋ እመጣለሁ፣ መንገዱ ካልተዘጋ» አለች።

«ነይ።»

«ብቻዎን ምን ይሆናሉ?»

«ሰው አይጠፋም» አሉ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን አላወቁም። ትናንት ማታ እሷ ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ሲያዳምጡ ነው ያመሹት፤ ዛሬ የሚያዳምጡት የለም። ውረጂ ሊሏት አማራቸው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ቢሏት ትወርድ እንደነበር ከዓይኗ አይተዋል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ተንዘፈዘፈና ከሆዱ ሥር ጥቁር ጭስ ለቀቀ። ጭሱ ተንከባልሎ በመስኮቶቹ በኩል ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ጋሽ ባምላኩ በእግር ጣታቸው ተንጠራሩ። በተከፈተው መስኮት እጃቸውን አስገብተው የልጃቸውን ነጠላ ጫፍ ያዙና አፍንጫዋንና አፏን ሸፈኑላት። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል። እጃቸውን ሳያነሡ ትንሽ አብረውት ተራመዱ።